ምኔምባ ላይ ኮራል ለማየት ለሚሄዱት እህቴ

«ከባለቤቴ ጋር ወደ ዛንዚባር ልንሄድ ነው፤ አጠገቧ ባለችው በምኔምባ ደሴት ባሕር ውስጥ የሚያድገውን ድንጋይ መሳይ ኮራል ለማየት ዋና ጠንቅቆ ማወቅ ግድ ነው ወይ?» ብለው ለጠየቁት እህቴ፣ እኔም የጎንደር ልጅ ነኝና የደረሰብኝን ልንገርዎ።

አንደኛ፣ ዋናው አያስጨንቅዎ። እርስዎም እንደ እኔ ጎርጎራ ላይ ጣና ውስጥ እንደተለማመዱ እገምታለሁ፤ የባሕር ውኃ ጨዋማ ስለሆነ ከጣና ይልቅ ሰውነትን ያነሣል፣ ላይፍ ጃኬትም ይጨመርበታል። የቢጫ ወባ ክትባቱን ግን ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን አስቀድመው ይከተቡ። እኔ ካርዱን ለማውጣት አራት ቀን ስመላለስ «ነገ ና» ከማለት በቀር ቀና ብሎ ያየኝ ሠራተኛ አልነበረም፤ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ሁለተኛ፣ አፍንጫን ጭምር የሚሸፍነውን የመዋኛ መነጽር ሳይሞክሩ ጀልባ ላይ አይውጡ። ማሰሪያውን ሳያጠልቁ ፊትዎ ላይ ለጥፈው በአፍንጫዎ አየር ሲስቡ ካልወደቀ ልክዎ ነው ማለት ነው። ባለቤትዎ ጢማም ከሆኑ፣ ጢሙ በመነጽሩ ጎማና በቆዳው መካከል ክፍተት ስለሚፈጥር፣ ከንፈር ላይ ያለውን ይላጩት። እኔ ይህን የሚነግረኝ አላገኘሁም። ባለጀልባው ጎማው የደረቀ አሮጌ መነጽር ወርውሮልኝ «ቶሎ፣ ውኃው ሊጎድል ነው» እያለ አጣደፈኝ፤ የእግር መቅዘፊያውም ስለጠበበኝ በባዶ እግሬ ገባሁ። ጥቂት እንደተንሳፈፍኩ ጨዋማው ውኃ ዓይኔንና አፍንጫዬን ሞላው። ያን ጊዜ የመነጽሩን የላይኛውን ጠርዝ ግንባሬ ላይ ተጭኜ፣ ቀና ብዬ በአፍንጫዬ ብተነፍስ ውኃው በታች በኩል ይወጣልኝ ነበር። እኔ ግን ደንግጬ ቆምኩ፤ የቆምኩትም ኮራሉ ላይ ነበር።

ድንጋይ መስሎኝ ነበር እንጂ ኮራል ሕይወት ያለው እንስሳ ነው፤ በዓመት አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ የሚያድግም አለ። ከእግሬ ሥር ቀጭን ቅርንጫፍ ቀጭ ብሎ ሲሰበር ተሰማኝ፤ ያ ድምፅ ከቁስሉ ይልቅ ይቆጨኛል። ውስጥ እግሬ ተሰንጥቆ ስለነበር የቀረውን ሦስት ቀን፣ ያን ሁሉ ብር አውጥቼ፣ ባለቤቴ ስትዋኝ ጀልባ ላይ ተቀምጬ አሳለፍኩ። ጎንደር ከተመለስኩ በኋላም ቁስሉ አልደርቅ ብሎ አምስት ሳምንት ሳነክስ ከረምኩ፤ በመጨረሻ ሐኪሙ በመቆንጠጫ የጨው ቅንጣት የምታክል ነጭ ስባሪ አወጣልኝ። እርስዎን ቢቆርጥዎ ወዲያውኑ በንጹሕ ውኃና በሳሙና አጥበው ስባሪውን ያስለቅሙ።

ባለፈው ዓመት የራሴን መነጽርና በልኬ የተገዛ መቅዘፊያ ይዤ ተመልሼ ሄድኩ። አንድ ሰዓት ሙሉ ኮራሉን በጣቴ እንኳ ሳልነካ ተንሳፈፍኩ። ከበታቼ አረንጓዴና ሰማያዊ የሆነ፣ አፉ እንደ በቀቀን የሾለ ዓሣ ኮራሉን ሲግጥ አየሁ፤ ጆሮዎን ውኃ ውስጥ ነክረው ዝም ካሉ፣ ልክ ቆሎ እንደሚቆረጥም ሰው ሲያደቅቀው ይሰማዎታል።