ይጥበብ እንጂ አይቆረጥ፦ በመርፌ ክብደት ለምትቀንስ እህት

ሰላም እህቴ። ሐኪም ያዘዘልሽን የሴማግሉታይድ የሳምንት መርፌ ከጀመርሽ አራት ወር ሆኖሻል፤ 11 ኪሎ ቀንሰሻል፤ የቢሮ ሱሪሽ፣ አባያሽና ሁለቱ የሐበሻ ቀሚሶችሽ ሰፍተውሻል፤ የእህትሽ ሠርግ ደግሞ ከሦስት ወር በኋላ ነው። «አስቆርጬ ላስጠብብ ወይስ አዲስ ልግዛ? ደሴ ላይ ያየኝ ሁሉ ታመምሽ እንዴ እያለ አስጨነቀኝ» ነው ያልሽው። አብሽሪ። ለጊዜው ማስቆረጡንም መግዛቱንም ተዪው፤ ሳይቆረጥ ይጠበብልሽ።

ምክንያቱን ልንገርሽ። ሴማግሉታይድ ለክብደት ሲታዘዝ በሳምንት በ0.25 ሚሊ ግራም ተጀምሮ በየአራት ሳምንቱ ወደ 0.5፣ 1 እና 1.7 ከፍ እያለ 2.4 ላይ የሚደርሰው ከ16 ሳምንት በኋላ ነው። አራት ወር ማለት እንግዲህ ሙሉው መጠን ገና የሚጀመርበት ጊዜ ነው። በዋናው ጥናት ላይ ተሳታፊዎቹ በአማካይ ከክብደታቸው 15 በመቶ ገደማ የቀነሱት በ68 ሳምንት ነበር። ዛሬ ልክሽ ሆኖ የተቆረጠ ሱሪ ከሁለት ወር በኋላ እንደገና ሊሰፋሽ ይችላል። የተገላቢጦሹም አለ፤ መድኃኒቱን ያቆሙት ሰዎች በአንድ ዓመት ውስጥ ከቀነሱት ሁለት ሦስተኛው ገደማ ተመልሶባቸዋል። መድኃኒቱ ከገበያ ሊጠፋ፣ ዋጋው ሊከብድ፣ ወይም እርግዝና ሲታሰብ ሊቆም ይችላል። ስፌት ውስጥ ታጥፎ የቀረ ጨርቅ ተተርትሮ ይመለሳል፤ መቀስ የበላው ግን አይመለስም።

ከኪሎው ይልቅ ሜትሩን እመኚ። ሚዛን በውሃና በጨው ብቻ ከቀን ወደ ቀን አንድ ሁለት ኪሎ ይለዋወጣል፤ ልብስ ግን የሚያውቀው ዙሪያሽን ነው። በየአራት ሳምንቱ ጠዋት ቁርስ ሳትበዪ ደረትሽን፣ ከጡት ሥር፣ ወገብሽን በእምብርት ትክክል፣ ዳሌሽን በሰፊው ቦታ፣ እና አንድ ጭንሽን ለኪና ጻፊው። ሜትሩ ዙሪያውን እኩል ይሁን፣ አይጠብቅ፣ ትንፋሽሽን አውጥተሽ ለኪ። ሰውነት እኩል አይቀንስም፤ ወገብ 10 ሳ.ሜ. ሲወርድ ጭን 3 ብቻ ሊወርድ ይችላል። አንድ ቁጥር ያነሰ ሱሪ ወገቡ ልክ ሆኖ ጭኑ የሚጨንቀው በዚህ ነው። የጂንስ ቁጥር በኢንች ስለሆነ ከ36 ወደ 34 መውረድ 5 ሳ.ሜ. ማለት ነው፤ ወገብሽ ያን ያህል ሳይወርድ ቁጥር አትቀይሪ።

«ታመምሽ እንዴ» ስለሚሉሽ። እኛ ዘንድ መክሳት ከበሽታ ጋር ነው የሚታሰበው፤ ሰው በክፋት አይደለም የሚጠይቅሽ። ግን አብዛኛውን ጊዜ ያንን ጥያቄ የሚያመጣው ልብሱ ነው። የትከሻው ስፌት ወደ ክንድ ከወረደና አንገቱ ከሰፋ፣ የአንገት አጥንት ገደል መስሎ ይታያል፣ ፊትም ከሆነው በላይ የከሳ ይመስላል። ስለዚህ ካሉሽ ልብሶች መጀመሪያ የምትለብሻቸው ትከሻቸው አሁንም ልክ የሆኑትን ይሁኑ። ወገብ፣ ጎንና እጅጌ በቀላሉ ይጠበባሉ፤ ትከሻን ማስጠበብ ግን እጅጌውን ሙሉ ለሙሉ አውጥቶ እንደገና መግጠም ስለሚጠይቅ፣ ውድ ኮት ካልሆነ በቀር ድካሙን አያወጣም። ትከሻው ሁለት ጣት ያህል የወረደ ሸሚዝ ለሚሆነው ሰው ስጪው። አንገቱ የሰፋውን ደግሞ በውስጥ አንገቱ ጠበብ ያለ ስስ ቦዲ መልበስ ወይም ሻሽሽን፣ ነጠላሽን ጠጋ አድርጎ መጠቅለል ይበቃል።

ሱሪው ላይ ልብስ ሰፊ ቤት ከመሄድሽ በፊት አንድ ነገር እወቂ፤ ኦቨርሎክ ማሽን እየሰፋ የጨርቁን ጫፍ በራሱ ምላጭ ይቆርጣል። ሰፊው በደግነት «ላሳምርልሽ» ብሎ ካስገባው ትርፉ ጨርቅ አለቀ። «በተራ ማሽን ብቻ፣ ሰፋ ባለ ስፌት፣ ምንም ሳይቆረጥ» በዪው። ስፌቱ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ይርዘም፤ ለመተርተር ይቀላል፣ ጨርቁንም በመርፌ ቀዳዳ አያበላሽም። ሱሪ የሚያዘው ከኋላ መሀል ነው። እስከ 5 ሳ.ሜ. ድረስ ያምራል። ከዚያ ካለፈ ሁለቱ የኋላ ኪሶች እየተጠጋጉ ሊነካኩ ይደርሳሉ፣ የጎኑ ስፌትም ወደ ኋላ ይጠመዘዛል፤ የቀረውን ከሁለቱ ጎን ማስያዝ ያስፈልጋል። በጭን መሀል ያለው ክፍል ወደ ታች ተንጠልጥሎ ስትራመጂ ጉልበት የሚይዝሽ ከሆነ ግን ያ ሱሪ ልክ ሊሆን አይችልም፤ በእሱ ላይ ገንዘብ አታውጪ።

ቤት ውስጥ የሚሠራው ላስቲክ ነው፤ ለአንቺ ሁኔታ ከሁሉ የሚሻለውም ይሄ ይመስለኛል፣ ከሰውነትሽ ጋር አብሮ ስለሚጠብ። የሱሪው የኋላ ወገብ ከጎን ስፌት እስከ ጎን ስፌት 46 ሳ.ሜ. ነው እንበል፣ መያዝ የምትፈልጊው ደግሞ 6 ነው። ከ46 ላይ 6 ስትቀንሺ 40፤ ላስቲኩ ተወጥሮ እንዲይዝ 2 ደግሞ ቀንሺ፣ 38። ለሁለቱ ጫፍ ስፌት ሁለት ሁለት ጨምረሽ 42 ሳ.ሜ. የሆነ፣ 3 ሳ.ሜ. ስፋት ያለው ላስቲክ ቁረጪ። በወገቡ የውስጥ ጨርቅ ላይ በሁለቱ ጎን ስፌት በኩል ላስቲኩ የሚገባበት ያህል ስፌቱን ፍቺ። ላስቲኩን በመርፌ ቁልፍ ይዘሽ በአንዱ አስገብተሽ በሌላው አውጪ። በሌላው በኩል ሳትስቢው በፊት ያስገባሽበትን በኩል የቀረውን ጫፍ ስፊው፣ አለዚያ ተከትሎ ገብቶ የሠራሽውን ሁሉ ያስደግምሻል፤ ከዚያ ሌላውን ጫፍ ስበሽ ስፊው። በየወሩ አንዱን ጫፍ ተርትረሽ ሁለት ሦስት ሳ.ሜ. መሳብና እንደገና መስፋት ነው።

የሐበሻ ቀሚስ ይለያል። ጥልፉ ከፊት መሀል ስለሆነ ከመሀል አይነካም፣ ጥበቡ ደግሞ ታች ስለሆነ ርዝመቱም በመቁረጥ አይስተካከልም። የሚጠበበው ከጎን ብቻ ነው። ሸማ በእጅ የተሠራ ስለሆነ ተቆርጦ ከተተወ ክሩ እየተመዘዘ እስከ ስፌቱ ይደርሳል፤ አጥፎ ሁለት ጊዜ መስፋት ነው መድኃኒቱ። ከመጠበቡ በፊት ይታጠብ፣ ሸማ በውሃ ይሰበሰባልና።

እዚህ ላይ በደንበኛና በሰፊ መሀል የሚደርስ አንድ አለመግባባት አለ። አንቺ «8 ሳንቲም ይያዝልኝ» ስትዪ ዙሪያውን ማለትሽ ነው፤ ሰፊው ግን ከእያንዳንዱ ጎን 8 ሊይዝ ይችላል፣ ያ ደግሞ 16 ነው። በጠመኔ አስምሪው፦ ከእያንዳንዱ የጎን ስፌት ወደ ውስጥ 2 ሳ.ሜ. ሲገባ ከፊቱም ከኋላውም ሁለት ሁለት ስለሚሄድ አንዱ ጎን 4፣ ሁለቱ ጎን 8 ይሆናል። መስመሩ ከብብት ጀምሮ ወደ እጅጌው ሥር ሳይሰበር ይቀጥል። ብብት ላይ ከ2 ሳ.ሜ. በላይ ከገባ እጅ ሲነሳ ቀሚሱ አብሮ ይነሳል፤ ለጊዜው በሰፋፊ የእጅ ስፌት ይዘው ካስለበሱሽ በኋላ ሁለት እጅሽን ወደ ላይ አንሺና እይው፣ እስክስታ የሚወረድበት ልብስ ነውና። ሆድ ሲጎድል ደግሞ ከፊት ተነስቶ የነበረው ጠርዝ ይወርዳል፣ ቀሚሱ የረዘመ ይመስላል። ከወገብ ወደ ውስጥ አጥፎ መስፋት ወይም በመቀነት ትንሽ ሳብ አድርጎ መያዝ ይበቃል።

አባያሽም እንዲሁ ይረዝምብሻል። የደሴ ዳገትና የክረምት ጭቃ ላይ የሚጎተት አባያ ይጥላል፤ 3 ወይም 4 ሳ.ሜ. ወደ ውስጥ አጥፈሽ በእጅ ስፊው። ጨርቁ አሙለጭላጭ ስለሆነ በቀጭን መርፌ ይሁን፣ ወፍራም መርፌ ያስተረፈው ቀዳዳ ተተርትሮም ይታያል።

መቀነትና ቀበቶ ላይ አደራ። ይህ መድኃኒት ጨጓራ ምግቡን ቶሎ እንዳያወርድ ያደርጋል፤ ከበላሽ ብዙ ሰዓት በኋላም ሆድሽ ሙሉ ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ ወገብ ሲጠብቅ ማቅለሽለሹና ቃር ይብሳል፣ በተለይ መጠኑ ከፍ ባለበት ሳምንት። ለእነዚያ ቀናት አንድ በላስቲክ የሚያዝ ጉርድ ወይም ሱሪ ለይተሽ አስቀምጪ። መርፌው የሚወጋው ሆድ፣ ጭን ወይም የላይኛው ክንድ ላይ ነው፣ ሆድ ላይ ከእምብርት 5 ሳ.ሜ. ያህል ርቆ። ቦታውን ስትቀያይሪ ቀበቶ የሚፈትገውን መስመር ተዪው። መርፌውን ጤና ጣቢያ የምትወጊ ከሆነ ከላይና ከታች የተለያየ ልብስ ልበሺ፣ ሙሉ ቀሚስ መግለጥ ያስቸግራል።

ገንዘብ ማውጣት ካለብሽ የውስጥ ልብስ ላይ አውጪ። ጡት ማስያዣ ክብደቱን የሚሸከመው በአብዛኛው ከሥር ባለው ዙሪያው ነው፣ በማንገቻው አይደለም። በመጨረሻው ጥብቅ ማያያዣ ላይ ሆኖ ከኋላ ወደ ላይ የሚንሸራተት ከሆነ አብቅቷል፤ ማንገቻውን ማሳጠር ትከሻ ይቆርጣል እንጂ አያነሳም። አዲሱን ስትገዢ ሦስት ረድፍ ማያያዣ ያለው፣ በመጀመሪያው በሰፊው ረድፍ ላይ ልክሽ የሆነውን ምረጪ፤ እየቀነስሽ ስትሄጂ ሁለት ረድፍ ይቀርሻል። አንድ ወይም ሁለት ብቻ ይብቃሽ። ቆዳ ሲላላ ከጡት ሥር፣ ከሆድ እጥፋትና ከጭን መሀል ይፋተጋል፣ ላብ ይይዛል፤ ጥጥ ልበሺ፣ ከታጠብሽ በኋላ እጥፋቱን አድርቂ፣ ለጭን ከቀሚስ ሥር አጭር የጥጥ ታይት ይሁን። ቆዳው ቀልቶ ካሳከከ ወይም ከሸተተ ለሐኪም አሳዪው።

ብርዱም ይጨምርብሻል። ስቡ ሲቀንስና ምግብ ሲያንስ ሰውነት ሙቀት ይጎድለዋል፤ የኅዳርና የታኅሣሥ የደሴ ጠዋት ካምናው የከፋ ይመስልሻል። አንድ ወፍራም ሹራብ ከመግዛት ሁለት ስስ ነገር መደራረብ ይሻላል፦ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርጂ አንዱን ታወልቂያለሽ፣ የሰፋሽንም ልብስ ከውስጥ ይሞላልሻል። ለሽግግሩ ጊዜ የሚሆን ልብስ ከሳልቫጅ ፈልጊ፤ ለሁለት ወር ለሚለበስ ሱሪ የአዲስ ዋጋ አይከፈልም።

ጫማ ከላላሽ የውስጥ ሶል ጨምሪበት። ስኳር ካለብሽ ግን የላላ ጫማ እግር ያቆስላል፣ ሳይታወቅም ሊሆን ይችላል፤ እዚያ ላይ አትቆጥቢ፣ ማታ ማታም እግርሽን እይ። ቀለበትሽን አታስቆርጪ፤ ከሥሩ ክር ጠምጥሚበት፣ ልብስ ስታጥቢ አውልቂው።

ለሠርጉ ጨርቁን ከሸማኔ አሁን እዘዢ፣ ስፌቱን አዘግዪ። ጨርቅና ጥበብ በርዝመት ነው የሚታዘዙት፣ ኪሎሽ አይመለከታቸውም። ሠርጉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ተለኪና ይቆረጥ፤ በጎን ስፌት ውስጥ በተለምዶ በሚተወው 1.5 ፋንታ 4 ሳ.ሜ. እንዲቀር በግልጽ ተናገሪ። የመጨረሻው ልክ ሳምንት ሲቀረው፣ በዚያ ቀን በምትለብሽው ጡት ማስያዣና ጫማ ይሁን። ነባሩን ቀሚስ መልበስ ከፈለግሽ ደግሞ ጥልፉ አንገት ላይ የሚቀር ነው ወይስ እስከ ወገብ የሚወርድ? ጎኑስ ላይ ዚፕ አለው? እነዚህን ሁለቱን ጻፊልኝና ከየት በኩል ቢያዝ እንደሚያምር ልንገርሽ።