ድንጋይ ስር ያለችው ግራጫ ስሟ ማነው? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሰላም እህቴ፣ የምንኖረው እንግሊዝ ሬዲንግ ነው። ልጄ ጓሮ ድንጋይ እያነሳች ስሩ የምታገኛትን ግራጫ፣ ብዙ እግር ያላት ትንሽዬ ፍጥረት "ቺዝሎግ" ትላታለች። ኬንት ያሉት የአክስቷ ልጆች "ቺዚ ባግ ነው የሚባለው" ብለው ሳቁባት፣ ግላስጎ ያለች ጓደኛዬ ደሞ "እኛ ጋ ስሌተር ነው" አለችኝ። ባለቤቴ "ትክክለኛው ዉድላውስ ነው፣ አርሚያት" ይለኛል። ማነው ልክ? ደሞ ሰሞኑን ቤት ውስጥም እየገባች ነው፣ መድኃኒት ልርጭባት? (የሁለት ልጆች እናት)

መልስ፦ እህቴ፣ እባክሽ ልጅሽን እንዳታርሚያት! የሁሉም ልክ ነው። ዉድላውስ መጽሐፍ ላይ የሚጻፈው ስም ነው፣ ትወቀው፣ ግን ቺዝሎግ የሬዲንግና የአካባቢው ሰው የራሱ ስም ነው፣ ልጅሽም እዛ ነው ያደገችው፣ ከሰፈሯ ልጆች የወሰደችውን ስም እኛ ከውጭ የመጣን ሰዎች ስህተት ነው ልንላት አይገባም። ትንሽ ወደ ደቡብ ጊልድፎርድ ብትሄጂ "ቺዚ ቦብ" ይሏታል፣ ዴቨን "ቺጊ ፒግ"፣ ኮርንዎል ደሞ "ግራመርሳው"፣ ትርጉሙ አሮጊቷ እናት አሳማ እንደማለት ነው። ስሌተር ስኮትላንድና ሰሜን አየርላንድ ነው፣ ከዛ የሄዱት ሰዎች ይዘውት ሄደው ዛሬ አውስትራሊያና ኒውዚላንድም ያው ስሌተር ነው የምትባለው።

አሳማዋን ልብ በይልኝ፣ እንግሊዝ ብቻ አይደለም። ስዊድን ያላችሁ አንባቢዎቻችን "ግሮሱጋ" ሲባል ሰምታችኋል፣ ግራጫ እናት አሳማ ማለት ነው፣ ጣልያኖቹ "ፖርቼሊኖ ዲ ቴራ" ይላሉ፣ የመሬት ትንሽ አሳማ። ለባለቤትሽ ደሞ ይሄን ንገሪው፦ ሳይንቲስቶቹ ራሳቸው አንዷን ዝርያ ፖርሴሊዮ ብለው ነው የሰየሟት፣ የላቲን ግልገል አሳማ ነው፣ ሌላዋን ኦኒስከስ አሏት፣ ከግሪክ የአህያ ስም የመጣ። እና የሊቃውንቱ ስም ራሱ የመንደር ቅጽል ስም ከሆነ የልጅሽ ቺዝሎግ በምን ያንሳል?

ሆላንድ ያላችሁ ደሞ "ፒሰቤድ" ትላላችሁ፣ አልጋ ላይ መሽናት ማለት ነው፣ ድሮ ለሚሸኑ ልጆች መድኃኒት ናት ተብላ ትሰጥ ስለነበር። እንግሊዝም ድሮ የመድኃኒት ቤት ዕቃ ነበረች፣ አድርቀው ፈጭተው ይሰጧት ነበር።

መርጨቱን በፍጹም አታድርጊው። አትናከስም፣ በሽታ አታመጣም፣ የበሰበሰ ቅጠልና እንጨት ነው የምትበላው፣ ለጓሮሽ አፈር ጥቅም ነው። ነፍሳት እንኳን አይደለችም፣ የሸርጣንና የሽሪምፕ ዘመድ ናት፣ የምትተነፍሰው እርጥበት በሚፈልግ አካል ስለሆነ ደረቅ ቦታ ብዙ አትቆይም። ስለዚህ ቤትሽ ውስጥ ከበዛች እርጥበት የሚገባበት ቦታ አለ ማለት ነው፣ እሱን ፈልጊና አስጠግኚ፣ እሷን በወረቀት አፍሰሽ ወደ ጓሮ መልሻት።

ለልጅሽ ደሞ ስራ ስጫት። እግሯን ትቁጠር፣ 14 ነው፣ አዲስ የተወለዱት ግን 12 ነው ያላቸው። እናትየዋ እንቁላሏን ሆዷ ስር ባለ ከረጢት ይዛው ነው የምትዞረው። አንዳንዴ ግማሽ አካሏ ፈዝዞ ነጣ ያለ፣ ግማሹ ግራጫ የሆነች ካየች የታመመች እንዳይመስላት፣ ቆዳዋን የምትቀይረው በሁለት ዙር ነው፣ መጀመሪያ የኋላውን ከዛ የፊቱን። ደሞ ሁሏም አትጠቀለልም፣ እንደ ኳስ ድቡልቡል የምትለው አርማዲሊዲየም የምትባለው ናት፣ ፖርሴሊዮ ብትነካ ትሮጣለች እንጂ አትጠቀለልም።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ እያለን ልጆቼ "ሮሊ ፖሊ" እያሉ በእጃቸው ይጫወቱባት ነበር። አሁን ካሊፎርኒያ ገባን፣ ጎረቤታችን "ፖቴቶ ባግ በእጅ አይያዝም፣ ይናከሳል" አለችን። ኢንተርኔት ላይ ሳይ ፖቴቶ ባግ ማለት ሮሊ ፖሊ ነው ይላል። ተደናገርኩ። (አባት፣ ከካሊፎርኒያ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጎረቤትህም ኢንተርኔቱም እውነታቸውን ነው፣ የሚያወሩት ግን ስለተለያየ ፍጥረት ነው። ዩታ ውስጥ ፖቴቶ ባግ ሲሉህ ያቺን የምትጠቀለለውን ነው። ካሊፎርኒያ ላይ ግን ብዙ ሰው ፖቴቶ ባግ የሚለው ጀሩሳሌም ክሪኬት የሚባለውን ነው፣ ወፈር ያለ፣ ክንፍ የሌለው፣ ጭንቅላቱ ትልቅና ክብ፣ ሆዱ ላይ ጥቁር ዝንጉርጉር መስመር ያለው። መርዝ የለውም ግን ከያዝከው መንከሱ ያማል፣ ስለዚህ ልጆቹ ባይነኩት ጥሩ ነው። ገበሬ ደሞ ፖቴቶ ባግ ሲልህ የድንች ቅጠል የሚጨርሰውን ባለመስመር ጥንዚዛ ሊሆን ይችላል። አንድ ስም፣ ሦስት ፍጥረት።

ደቡብ ክልሎች ብትሄድ ሮሊ ፖሊን "ዱድልባግ" የሚሏትም አሉ፣ ሌላ ቦታ ዱድልባግ አሸዋ ውስጥ ጉድጓድ ሰርቶ ጉንዳን የሚያጠምደው ነው። "ዳዲ ሎንግ ሌግስ"ም እንደዛው ነው፣ እንግሊዝ ውስጥ ክንፍ ያለውን እግረ ረጅም በራሪ ነው የሚሉት፣ አሜሪካ ብዙ ጊዜ ክንፍ የሌለውን ሸረሪት መሳይ፣ እሱም በጣም መርዘኛ ነው እየተባለ ስሙ ይጠፋል፣ የመርዝ እጢ እንኳን የለውም። 2000ዎቹ መጀመሪያ ላይ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካን አነጋገር ሲያጠኑ "ስትነካ የምትጠቀለለውን ግራጫ ምን ትሏታላችሁ" የሚለው አንዱ ጥያቄ ነበር፣ ከስሞቹ ብዙ ሰው የመረጠው ሮሊ ፖሊን ነው።

የኔ ምክር፣ ልጆችህ ስሙን እንደፈለጉ ይጥሩት፣ ግን ይናከሳል አይናከስም የሚል ነገር ሲመጣ በስም አትመን፣ "አሳዩኝ" በል ወይ ፎቶ ተመልከት።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኔ እስራኤል ነታንያ ነው ያለሁት፣ የልጅ ልጄ ቀይ ሆና ጥቁር ነጠብጣብ ያላትን ጥንዚዛ "የሙሴ ላም" ትላታለች፣ በዕብራይስጡ "ፓራት ሞሼ ራቤኑ"። ኦሪት ላይ አለ እንዴ? እኔ አላስታውስም። (አያት)

መልስ፦ እማማ፣ ልክ ነዎት፣ ኦሪት ላይ የለም። ምስራቅ አውሮፓ የነበሩ አይሁዶች በይዲሽ ቋንቋ እንደዛ ይጠሯት ነበር፣ ከዛ ነው ወደ ዕብራይስጥ የገባው። ሩሲያኖቹም "የእግዜር ላም" ነው የሚሏት፣ ጀርመኖች "የማርያም ጥንዚዛ"፣ የእንግሊዞቹ ሌዲበርድ ላይ ያለችው "ሌዲ"ም እመቤታችን ማርያም ናት። እንግዲህ በየሀገሩ ሰው ክሽክሽ የሚባለውን ቅጠል መጣጭ ተባይ ስለምትበላለት ወዷት የሚያከብረውን ስም ሰጥቷታል፣ እኔ በጣም ደስ ይለኛል ይሄ ነገር። የልጅ ልጅዎ ትያዛት፣ ችግር የለውም፣ ብትደነግጥ ቢጫ ፈሳሽ ልትለቅ ትችላለች፣ እጇን ትታጠብ በቃ።

ከላይ ያወራንላት ግራጫዋ ደሞ እናንተ ጋ "ታሃቪት" ነው ስሟ፣ ታሃቭ ከሚባለው፣ እርጥብ ድንጋይ ላይ ከሚበቅለው አረንጓዴ የድንጋይ ሽበት የመጣ ነው። የበረሃ ታሃቪት የምትባል አለች፣ ነገቭ በረሃ ውስጥ፣ ወንድና ሴት ተጋብተው አንድ ጉድጓድ ቆፍረው ልጆቻቸውን አብረው ያሳድጋሉ፣ በሩን በየተራ እየጠበቁ የራሳቸውን ቤተሰብ በጠረን ለይተው ባዳውን ያባርራሉ። ለሽርሽር ከሄዳችሁ ትንሽ ጉድጓድ ሆኖ አፉ ዙሪያ የተከመረ ደቃቅ ኩስ ካያችሁ እሷ ልትሆን ትችላለች፣ ልጅቷ እንጨት እንዳትከትበት ይንገሯት፣ ጉድጓዱ ከፈረሰባቸው በጋውን አያልፉትም።