የጋራ ጸሎቱን ከመርሐ ግብሩ ያውጡት

«ባዘጋጀነው የሃይማኖቶች የመቀራረቢያ ዝግጅት ላይ የጋራ ጸሎት ስላለ አንደኛው ወገን አልገኝም ብሏል፤ ምን እናድርግ?» ላሉት፣ ጸሎቱን አውጥተው በምትኩ የአንድ ደቂቃ ጸጥታ ያድርጉ፤ በዚያ ዝምታ ውስጥ እያንዳንዱ እንደ እምነቱ በልቡ ይጸልያል። ከሌላ እምነት ተከታዮች ጋር በአንድነት መጸለይን ሥርዓታቸው የማይፈቅድላቸው አማኞች ብዙ ስለሆኑ፣ እምቢታውን እባክዎ እንደ ጥላቻ አይቁጠሩት።

ከጸጥታው በኋላ ሰዎቹን በሥራ ያገናኟቸው። ደም መለገስ፣ ችግኝ መትከል ወይም አቅመ ደካሞችን መርዳት ማንም ከእምነቱ ሳይሸራርፍ ከሌላው ጎን የሚቆምበት በመሆኑ፣ ከረጅም ንግግር ይልቅ ሰውን ያቀራርባል ብዬ አምናለሁ።

ቀኑን ገና ካልወሰናችሁ፣ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2010 በዮርዳኖሱ ንጉሥ ዳግማዊ አብዱላህ ሐሳብ አቅራቢነት ያጸደቀው የዓለም የሃይማኖቶች መግባባት ሳምንት በየዓመቱ በፌብሩዋሪ የመጀመሪያ ሳምንት ይከበራል። የዓርብ ቀትርን፣ ቅዳሜንና የእሑድ ጠዋትን ግን ይተዉ።

አንድ ነገር ይጠንቀቁ። እኔ ባስተባበርኩት ዝግጅት መርሐ ግብሩን ጨርሰን የሃይማኖት አባቶችን በእንግድነት ብቻ ስለጠራናቸው፣ ሳይመክሩበት በተዘጋጀ ነገር ላይ መቀመጥ ከብዷቸው ሁለቱ ቀርተዋል። ስለዚህ የተሻሻለውን ረቂቅ ከማተማችሁ በፊት፣ ቅር ያለው ወገን ተወካይ አብሯችሁ ተቀምጦ ያርመው።