መልስ፦ የልጁን እጮኛ የወደደው አባት ፊልም ስሙ ማን ነበር?

የምትፈልገው «ዳሜጅ» ነው፤ በ1992 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ሉዊ ማል ያዘጋጀው። የጻፍከው ሁሉ ይገጥማል፦ እንግሊዛዊው ፖለቲከኛ፣ የልጁ እጮኛ፣ መጨረሻ ላይ ግድግዳ የሚሞላ ፎቶ ፊት ለፊት ተቀምጦ የሚቀረው ሰውዬ። አባትየው ጄረሚ አይረንስ፣ ልጅቷ ጁልየት ቢኖሽ ናት።

ስትፈልገው ዓመቱን ጨምረህ ጻፍ፣ በዚሁ ስም ሌላ ፊልም አለ። በ2023 የወጣው ባለ4 ክፍሉ «ኦብሴሽን»ም ከዚያው ከጆሴፊን ሃርት ልቦለድ የተሠራ ስለሆነ እንዳያምታታህ።

ስታገኘው ሚስትየዋን፣ ሚራንዳ ሪቻርድሰንን፣ ልብ ብለህ እያት። ልጇን ካጣች በኋላ ባሏን ፊት ለፊት የምታናግርበት ቦታ ለእኔ የፊልሙ ልብ እሱ ነው። ለኦስካር የታጨችውም በዚሁ ፊልም ነው። የቤቱ ጉዳት ምን ያህል እንደሆነ የሚገባህ ከፍቅረኞቹ ሳይሆን ከእሷ ፊት ነው።

አደራ፣ ቤተሰብ በተሰበሰበበት እንዳትከፍተው። እኔ እዚህ ሐዋሳ እናቴ ቡና እያፈላች ከፈትኩት። አቦሉ እንኳ ሳይቀዳ የመኝታው ትዕይንት መጣ፤ ጀበናውን ከሰሉ ላይ ትታ ወጣች። ወዲያው አጠፋሁት፤ ግን እስከ ማታ ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።