ጣርማ በር ላይ የቆመው ፒክአፕ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ሽንኩርትና ማሾ ከሸዋ ሮቢት ወደ ደብረ ብርሃን የማመላልስበት አሮጌ ቶዮታ ሃይሉክስ ፒክአፕ አለኝ፤ ሞተሩ 2ኤል የሚባለው ናፍጣ ነው። ባለፈው ሰሞን ሙሉ ጭነት ይዞ ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር ሲወጣ ነጭ ጭስ ተፍቶ ቆመ። ከዚያ ወዲህ ሞተሩ አልዞርም ብሏል። አንዱ መካኒክ «ተጣብቋል፤ አዲስ አበባ ካለው የመለዋወጫ ገበያ ከሶማሌ ተራ ሙሉ ሞተር ግዢ» ይለኛል። ሌላው «አውርደን እንሠራዋለን» ይላል። የባለቤቴ ወንድም ደግሞ ርካሽ የቤንዚን ሞተር አግኝቼልሻለሁ አለኝ። በእጄ ያለው የዕቁብ ገንዘብ ብቻ ነው። ሾፌሬ የሙቀት መለኪያው ከፍ አላለም ብሎ ይምላል፤ ልመነው?
አ.ት.፣ ከሸዋ ሮቢት

መልስ፦ እህቴ፣ የዕቁቡን ገንዘብ ለጊዜው ለማንም አይስጡ። ሦስቱም ሰዎች የመከሩዎት ሞተሩን ሳይከፍቱ ነው። አልዞር ያለ ሞተር ሁሉ አልተጣበቀም። ነጭ ጭስ ተፍቶ የቆመ ናፍጣ ሞተር ብዙ ጊዜ ሲሊንደሩ ውስጥ ውሃ ገብቶበታል። ውሃ አይታመቅምና ፒስተኑ ወደ ላይ ሊወጣ ሲል ይገታዋል፤ ማስነሻው ሞቶሪኖ ቢታገልም አያዞረውም።

ስለዚህ መጀመሪያ የማሞቂያ ካንዴላዎቹን አስወልቁ። ከዚያ መካኒኩ ክራንክሻፍቱን፣ ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን ዋና ዘንግ፣ ከፊት ባለው ትልቅ ቡሎን በቁልፍ፣ በእጁ፣ ቀስ አድርጎ ያዙረው። ከቀዳዳው ውሃ እየተረጨ ከዞረ ደስ ይበልዎ፤ የተበላሸው ቴስታታው (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው የሞተሩ ራስ) ወይም ከሥሩ ያለው ማሸጊያ ጓርኒሲዮኑ ሊሆን ይችላል፤ ታችኛው ክፍል የመዳን ዕድል አለው። ይህን ለነገ አያሳድሩት። ውሃው እዚያው ከከረመ ሲሊንደሩን ያዝገዋል፤ ያን ጊዜ የመጀመሪያው መካኒክ ያለው እውነት ይሆናል። ውሃው ከወጣ በኋላ በየሲሊንደሩ ትንሽ ዘይት ይፍሰስበት።

2ኤል ቴስታታው በሙቀት በመሰንጠቅ የታወቀ ነው፤ ስንጥቁም በአብዛኛው በቫልቮቹ መካከል ይገኛል። ቴስታታው ወርዶ ቶርኖ ቤት በግፊት ይፈተሽ፤ በዓይን ብቻ ዓይተው «ደህና ነው» ቢሉዎት አይቀበሉ። ከተሰነጠቀ በብየዳ አያስደፍኑት። ጭነት ይዞ ዳገት የሚወጣ መኪና ላይ ብየዳው አይቆይም፤ ቴስታታውን ብቻ ይግዙ። አዲስ ጓርኒሲዮን ሲገዛ ደግሞ የውፍረቱን ምልክት ያስተውሉ። ለዚህ ሞተር በሦስት ውፍረት ነው የሚመጣው፤ የሚመረጠውም ፒስተኑ ከብሎኩ ላይ ምን ያህል ብቅ እንደሚል ተለክቶ ነው። ሳይለካ የሚገጥም መካኒክ ሁለተኛ ጊዜ ያስከፍልዎታል። ውሃው ይዞት በቆመበት ቅጽበት ፒስተኑን ከክራንክሻፍቱ ጋር የሚያያይዘው ቢየላ ተጣምሞ እንደሆነም አብሮ ይታይ።

በቁልፍም አልዞር ካለ፣ ወይም ከታች ያለው የዘይት መያዣ ኮፓው ሲወርድ ክራንክሻፍቱ የሚሽከረከርባቸው ብሮንዚኖች ተበልተው ክራንክሻፍቱ ከተጫረ፣ ያገለገለ ሙሉ ሞተር መግዛት ከማውረድ ሊረክስ ይችላል። ዋጋ እዚህ አልጽፍልዎትም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ዛሬ የጻፍኩት መጽሔቱ እጅዎ እስኪደርስ ይለወጣል። ሁለቱንም ሥራ ከነእጅ ዋጋው በወረቀት አስጽፈው ያስተያዩ። የሞተሩ ዋጋ ላይ የመጫኛው ክፍያ፣ ፍሪሲዮኑ፣ የኋላው የዘይት ጎማ፣ ቫልቮቹን ከክራንክሻፍቱ ጋር አስማምቶ የሚያዞረው የታይሚንግ ቺንጊያ፣ ዘይቱና ፊልትሮው ይደመራሉ። ቺንጊያው ምን ያህል እንደሠራ ሻጩም አያውቅምና ሞተሩ ከመግባቱ በፊት ይቀየር፤ ከተበጠሰ ቫልቮቹ ከፒስተኑ ጋር ይጋጫሉ።

የሚገዙት ከዚያው ከኤል ቤተሰብ ይሁን። 2ኤል 2,446፣ 3ኤል 2,779፣ 5ኤል 2,986 ሲሲ ናቸው፤ ሦስቱም በእርስዎ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) እና የሞተር መቀመጫ ላይ ያለ ብዙ ጣጣ ይገባሉ። ለእርስዎ መንገድ እኔ 3ኤልን እመርጣለሁ። ሲገዙ ግን ከራሱ የናፍጣ ፖምፓ ጋር ይሁን፤ የ2ኤል ፖምፓ የሚሰጠው ናፍጣ ለ2ኤል የተለካ ነው። ያው 2ኤል ካገኙ ደግሞ የራስዎ ፖምፓ፣ ሞቶሪኖና ዲናሞ ስለሚያገለግሉ ባዶውን ሞተር ብቻ ተከራክረው ይግዙ።

ሶማሌ ተራ መሬት ላይ የተቀመጠ ሞተር ተነሥቶ አይሰማም። ስለዚህ ኮፓው ይውረድና ቢያንስ አንዱን ብሮንዚን ይመልከቱ። የቴርሞስታቱን ቤት ከፍተው ውስጡ በዝገት ጭቃ ከተሞላ ትተውት ይሂዱ፤ ያ ሞተር ንጹሕ ውሃ አላገኘም። የሚነሣ ከሆነ በቀዝቃዛው ይነሣ፤ ቀድመው አሙቀው ከጠበቁዎት ምክንያት አላቸው። የኮምፕረሽን፣ ማለትም ሲሊንደሩ አየሩን የሚያምቅበት ግፊት፣ መለኪያ ያለው ሰው ይዘው ይሂዱ፦ አዲስ 2ኤል በካሬ ሴንቲ ሜትር 32 ኪሎ ገደማ ይሰጣል፣ ከ20 በታች የሆነ አይገዛም፣ በሲሊንደሮቹ መካከልም ልዩነቱ ከ5 መብለጥ የለበትም። አየሩ በሚሳሳበት ደጋ ላይ ንባቡ ስለሚወርድ በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ይበልጥ ይጠቅማል። የመሞከሪያ ቀናቱም በውሉ ላይ ይጻፉ።

የሞተሩ ቁጥር ሊብሬዎ ላይ ስላለ ከሻጩ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ቅጂና የሽያጭ ውል ሳይቀበሉ ገንዘብ አይቁጠሩ፤ ሞተሩ ከመግባቱ በፊትም ለዞኑ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ያመልክቱ። ወረቀት የሌለው ርካሽ ሞተር በቦሎ ጊዜ መኪናዎን ያስቆመዋል። የቤንዚኑን ነገር ደግሞ ይተዉት። መቀመጫው፣ ካምቢዮው፣ የነዳጅ መስመሩና የኤሌክትሪክ ሽቦው ሁሉ ይቀየራል፤ ሊብሬው ላይ ያለው የነዳጅ ዓይነትም እንዲሁ።

ከሁሉም በላይ የምለምንዎት ግን አሮጌውን ምን እንደገደለው ሳይታወቅ ሌላ እንዳያስገቡ ነው። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1,280 ሜትር ገደማ ነው፤ ጣርማ በር ከ3,000 ይበልጣል። እዚያ ከፍታ ላይ ክፍት ውሃ በ90 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ራዲያተሩ እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው፤ የክዳኑ ጎማ ከደረቀ ቆላ ላይ ደህና የነበረ መኪና ዳገቱ ላይ ውሃውን ይተፋል። ደብረ ብርሃን ላይ በዚህ መንገድ የተቃጠለ ሞተር ስንት ጊዜ እንዳወረድኩ እግዚአብሔር ያውቃል፤ ሁሌም ያናድደኛል፤ ክዳን ከመኪናው ዕቃ ሁሉ ርካሹ ነውና። አዲስ ክዳን፣ አዲስ ቴርሞስታት፣ የታጠበ ራዲያተር፣ ያልላሉ ቱቦዎች፤ የዕቁቡ ገንዘብ ቀድሞ ለእነዚህ ይውጣ። ውርጭ ባለበት ደጋ የሚያድር ከሆነ ፀረ በረዶ የተቀላቀለበት ውሃ ይደረግለት።

ሾፌርዎን ይመኑት። የሙቀት መለኪያው የሚያነበው በዙሪያው ያለውን ውሃ ነው፤ ውሃው ፈስሶ ካለቀ መለኪያው አየር ላይ ይቀርና ሞተሩ እየተቃጠለም እንኳ መርፌው ላይነሣ ይችላል። ይልቅ ደብረ ሲና ላይ ውሃውን ዓይቶ እንደነበር ይጠይቁት፤ ከእንግዲህም ዳገቱን ከመጀመሩ በፊት፣ እዚያው ቆሞ፣ ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ይይ።