ለዕጢ ምርመራ የባል ደም ግድ ነውን?

ጥያቄ፦ የባሕር ዳር ነዋሪና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ትንሹን ከወለድሁ አራት ዓመት ሆኖኛል። በቅርቡ ከእንግዴ ልጅ የሚነሳ የሚባል ካንሰር ተገኘብኝ። ሐኪሙ ከየትኛው እርግዝና እንደመጣ ለማወቅ የእኔና የባለቤቴ ደም ከዕጢው ጋር በዘረመል ምርመራ ይነጻጸር አለ። ባለቤቴ ግን «የሌላ ሰው ፅንስ ነው» ብሎ ከዘጌ በጀልባ የመጡ ዘመዶቹን ሰበሰበ፤ በአራት የታጠፈውን የሐኪም ወረቀትም ሽማግሌ ፊት ዘረጋው። ደም እንዲሰጥ ላስገድደው እችላለሁን?

መልስ፦ አይችሉም። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 20 ማንም ሰው የሕክምና ምርመራን እምቢ እንዲል ይፈቅድለታል። ይሁን እንጂ ወደ ሐኪምዎ ተመልሰው በእርስዎ ደም ብቻ ምን ማወቅ እንደሚቻል ይጠይቁ። ዕጢው ከእርግዝና ከመጣ የእርስዎ ያልሆነ፣ ከአባት የተወረሰ ዘረመል ይገኝበታል፤ ከራስዎ አካል ከተነሳ የእርስዎ ብቻ ነው። ለሕክምናው ምርጫ ትልቁ ጥያቄ ይኸው ነው። የባል ደም የሚፈለገው ከየትኛው እርግዝና እንደሆነ ለመለየት ነው።

«አራት ዓመት ሙሉ የት ነበር?» ለሚሉት፦ እንዲህ ያለ ዕጢ ከወሊድ፣ ከውርጃ ወይም ከሞላር እርግዝና (የእንግዴ ልጅ ሕዋስ ያለ ልክ ከሚያድግበት ያልተለመደ እርግዝና) ዓመታት በኋላ ሊታይ ይችላል፤ ከመጨረሻው ሳይሆን ከቀደመው እርግዝና ሊነሳም ይችላል።

አንድ ነገር ግን አልሸሽግዎትም። ባለቤትዎ ደም ቢሰጡ ንጽጽሩ ስለ አባትነትም ሊናገር ይችላል። ስለዚህ ሳይፈርሙ የስምምነት ቅጹ ላይ ናሙናው ለሕክምናዎ ብቻ እንደሚውል፣ ውጤቱም ለእርስዎ ብቻ እንደሚሰጥ ያስጽፉ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤናና የዘረመል መረጃን በልዩ ጥንቃቄ ይይዛል። የሙያ ምስጢር ማውጣትም በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 399 ያስጠይቃል።

ሽማግሌዎቹን አከብራለሁ፤ ሽማግሌ ግን ለእርቅ እንጂ ለዘረመል አይቀመጥም። የተዘረጋው ወረቀት የሐኪም ጥያቄ እንጂ ውጤት አይደለም። በክልሉ የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 79/1995፣ በጋብቻ የተወለደ ልጅ አባቱ ባልየው እንደሆነ ይገመታል። ይህን ማፍረስ የሚፈልግ ፍርድ ቤት መክሰስ አለበት። ክሱ ከመጣ ጉዳዩ ይለወጣል፦ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 22 መሠረት ለአካል ከባድ አደጋ የሌለውን ምርመራ እምቢ ባለ ወገን ላይ ዳኛው ሊጣራ የነበረውን ነገር እንደተረጋገጠ ሊቆጥረው ይችላል። ያን ጊዜ ጠበቃ ሳያማክሩ «እምቢ» እንዳይሉ።

ወረቀቱን ከባለቤትዎ ይቀበሉ፤ የእርስዎ የሕክምና ሰነድ ነው። የሽማግሌዎቹ ቀን ከሐኪሙ ቀጠሮ ጋር ከገጠመ ሽማግሌዎቹ ይቆዩ።