በፌብሩዋሪና በማርች ካሪቢያን ለመጥለቅ ላሰባችሁ፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

በሰሜን አሜሪካ ክረምቱ አልወጣ ሲል "ካሪቢያን ሄደን ስኩባ ልንጠልቅ ነው፣ አየሩ እንዴት ነው?" የሚል ጥያቄ ይበዛብኛል። ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁኝ ስለ ሙቀት ነው። እኔ ግን መልሴን የምጀምረው ከነፋስ ነው። በፌብሩዋሪና በማርች የጠላቂን ጉዞ የሚያሳምረውም የሚያበላሸውም እሱ ነውና።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ)፦ ከባለቤቴ ጋር በፌብሩዋሪ መጨረሻ ወደ ሜክሲኮዋ ደሴት ኮዙሜል ልንሄድ ቲኬት ቆርጠናል። ወቅቱ የሃሪኬን አይደለም ብለን ተረጋግተን ነበር። አንድ ወዳጃችን ግን "ወደቡ ተዘግቶብኝ ሁለት ቀን ሆቴል ተቀመጥኩ" አለን። የቱን እንመን?

መልስ፦ እናንተም ወዳጃችሁም ልክ ናችሁ። የሃሪኬን ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ስለሆነ እሱ አያሳስባችሁ። በዚህ ጊዜ ኮዙሜልን የሚያስቸግራት ሌላ ነው። ከካናዳና ከአሜሪካ የተነሳ ቀዝቃዛ አየር ቁልቁል ወርዶ የሜክሲኮን ባሕረ ሰላጤ ያቋርጥና ዩካታን ይደርሳል። የአገሩ ሰው "ኖርቴ" ይለዋል።

በአዘቦት ቀን ነፋሱ የሚመጣው ከምሥራቅ ነው። ሰው የሚጠልቅባቸው ቦታዎች ደግሞ ከሞላ ጎደል በደሴቲቱ ምዕራብ በኩል ናቸው። ስለዚህ ደሴቲቱ ራሷ ነፋሱን ትከልልላችኋለች፣ ባሕሩም ጸጥ ይላል። ኖርቴ ሲመጣ ግን ነፋሱ ዞሮ ከሰሜንና ከሰሜን ምዕራብ ይነፍሳል። ተከልሎ የነበረው ጎን አሁን ፊት ለፊት ይመታል። ያኔ የወደቡ ኃላፊ ትናንሽ ጀልባዎች እንዳይወጡ ይከለክላል። ጠላቂዎችን በጀልባ የሚያወጣውን የዳይቭ ሱቅ ብትለምኑም ዋጋ የለውም፣ ውሳኔው የእሱ አይደለም። ብዙ ጊዜ አንድ ቀን ይቆያል፣ ሲብስ ሁለት ሦስት ቀን።

ምልክቱን እወቁት። ኖርቴው ሊገባ ሲል ነፋሱ ወደ ደቡብ ይዞርና ቀኑ ሞቅ ይላል፣ ይወብቃል። ብዙ ሰው በዚያ ቀን "ዛሬ እንዲህ ካማረ ነገማ!" ብሎ ከተማ ሲዞር ይውላል። እናንተ በዚያ ቀን ጥለቁ። በደረሳችሁ ማግስት ጀምሩ፣ መዝናናቱን ወደ መጨረሻ አድርጉት። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊትም "ወደብ ከተዘጋ ይመለስልናል ወይ?" ብላችሁ መልሱን በጽሑፍ ያዙ።

ጥያቄ (ከዴንቨር)፦ ከሥራ የማገኘው ስድስት ቀን ብቻ ነው። አንዱም በነፋስ እንዲባክንብኝ አልፈልግም። የት ልሂድ?

መልስ፦ በደቡብ ካሪቢያን ወዳለችው ደሴት ወደ ቦኔር ይሂዱ። ይህን የምለው ሳላመነታ ነው። ደሴቲቱ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ከላይ ያልኩት ቀዝቃዛ አየር እዚያ የሚደርሰው ከስንት አንዴ ነው፣ ሲደርስም አቅም አጥቶ ነው።

ነፋስ የለም ማለቴ ግን አይደለም። በፌብሩዋሪ የምሥራቁ ነፋስ ቦኔር ላይ ጠንካራ ነው። የምሥራቁ ዳርቻ በማዕበል ሲናጥ ይውላል፣ በምዕራቡ በኩል ግን ውሃው ይተኛል። ጀልባም የግድ አያስፈልግዎትም። ፒክአፕ ተከራይተው የአየር ታንክዎን ከኋላ ጭነው በባሕሩ ዳር መንገድ ይነዳሉ። ከመንገዱ ጎን ቢጫ የተቀባ ድንጋይ ያያሉ፣ የቦታው ስም ተጽፎበታል። እዚያ ያቆማሉ፣ ይለብሳሉ፣ በእግርዎ ይገባሉ። ኮራሉ ከዳር ብዙም ሳይርቅ ይጀምርና ቁልቁል ይወርዳል። መግቢያው ላይ የተሰባበረ ኮራል ስለሚበዛ ሶሉ ወፍራም የሆነ ቡት ይያዙ። መኪናው ውስጥ ምንም ዕቃ አይተዉ።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ። በምዕራቡ በኩል ነፋሱ የሚነፍሰው ከየብስ ወደ ባሕር ነው። ርቀው ብቅ ካሉ ወደ ውጭ ይገፋዎታል። ስለዚህ መጀመሪያ ከውሃው ፍሰት በተቃራኒ ይሂዱ፣ ወደ ዳር ተጠግተው ይውጡ፣ ከውሃ በላይ የሚታይ የምልክት ፊኛ ከእጅዎ አይለይ። ባሕሩ ከ1979 ጀምሮ የተጠበቀ ፓርክ ስለሆነ ይከፈልበታል፣ የመጀመሪያ ቀን ማብራሪያና የሙከራ ጠለቃም ግዴታ ነው። ጓንት አይፈቀድም፣ ኮራሉን እንዳንነካካው ነው። ይህን ሕግ እወደዋለሁ። ከ2023 ወዲህ ኮራሉ በውሃ ሙቀትም በበሽታም ተጎድቷል፣ የእኛ እጅ ሊጨመርበት አይገባም።

ቦኔር ካልተመቸዎት ጀልባዎቹ ጎን መቀየር የሚችሉበትን ደሴት ይምረጡ። ግራንድ ኬይማን ላይ ምዕራቡ ሲናወጥ ጀልባዎቹ ወደ ደቡብ ይዞራሉ። የሆንዱራሷ ደሴት ሮአታንም ሰሜኑ ሲረበሽ ደቡቡ አለላት። ሱቁን "በሰሜን ነፋስ ቀን የት ትወስዱናላችሁ?" ብለው ይጠይቁ። መልሱ "ዕረፍት ነው" ከሆነ ሌላ ሱቅ ይፈልጉ።

ጥያቄ (ከቶሮንቶ)፦ የበረዶ አገር ሰው ነኝ፣ ብርድ ለምጃለሁ። ቀጭን ዌትሱት (የጠላቂ ልብስ) አይበቃኝም?

መልስ፦ ኮዙሜልና ቦኔር በዚህ ወቅት ውሃው 26 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። ለአንድ ጠለቃ 3 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ይበቃል። ግን ውሃ ከአየር በብዙ እጥፍ ፈጥኖ ሙቀት ይወስዳል። በቀን ሦስቴ፣ ለአምስት ቀን ሲደጋገም ብርዱ ይጠራቀማል፣ በእርጥብ ልብስ ጀልባ ላይ የሚመታዎት ነፋስ ይጨመርበታል። 5 ሚሊሜትር ይያዙ፣ ለጀልባውም የነፋስ ጃኬት። ሀመርሄድ ሻርክ ለማየት ባሃማስ፣ ቢሚኒ የሚሄዱ ከሆነ ደግሞ ወቅቱ ከዲሴምበር እስከ ማርች ነው፣ ውሃውም ከ22 እስከ 24 ዲግሪ ይወርዳል። እዚያ 7 ሚሊሜትርና የራስ መሸፈኛ ቢይዙ አይጸጸቱም።

ጥያቄ (ከሲያትል)፦ የምንሄድበት ሳምንት ዐቢይ ጾም ውስጥ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው የምጾመው። መጥለቅ እችላለሁ?

መልስ፦ ይህን በመጠየቅሽ ደስ ብሎኛል፣ ብዙ ሰው ሳይጠይቅ ነው የሚገባው። ጀልባዎቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚወጡት በጠዋት ነው። ነፋስ ባለበት ወቅት ባዶ ሆድ ማዕበል ላይ ያጥወለውላል፣ ጉልበት ይከዳል። ውሃ ሳይጠጡ መጥለቅ ደግሞ የባሰ ነው። የሰውነት ድርቀት የናይትሮጅን ሕመምን (ከጥልቅ ሲወጡ ናይትሮጅን ሰውነት ውስጥ አረፋ ሲሠራ የሚመጣውን) አደጋ ከፍ ያደርጋሉ ከሚባሉት ነገሮች አንዱ ነው። ስለዚህ ሳትበዪና ሳትጠጪ አትጥለቂ።

ከመሄድሽ በፊት የንስሐ አባትሽን አማክሪ። ሰዓቱን መጠበቅ ከፈለግሽ ከዳር የሚጠለቅበት ቦታ ይሻልሻል፣ ሰዓቱን የምትመርጪው አንቺ ነሽ። ከሰዓት በኋላ ቀለል ያለ ነገር በልተሽ፣ ውሃሽን በደንብ ጠጥተሽ፣ ትንሽ አረፍ ብለሽ ግቢ። ረመዳንም ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በዚሁ ወቅት ስለሚውል ሙስሊም አንባቢዎቼም ለመንገደኛ የተሰጠውን ፈቃድ ኢማማቸውን ቢጠይቁ መልካም ነው።

ለጾም ምግብ አትቸገሪም። ቤሊዝና ሮአታን ሩዝና ባቄላውን በኮኮናት ወተት ይሠሩታል። ሜክሲኮ ውስጥ ግን ባቄላው ብዙ ጊዜ በአሳማ ስብ ነው የሚቁላላው። "ሲን ማንቴካ" በዪ፣ ያለ ስብ ይሰጡሻል።

ጥያቄ (ከአትላንታ)፦ ጠልቄ አላውቅም። እዚያው ሄጄ ልማር?

መልስ፦ ትችላለህ፣ ግን ግማሹን እዚህ ጨርሰህ ሂድ። ንባቡንና የገንዳውን ልምምድ ሰፈርህ ካለ ትምህርት ቤት ወስደህ፣ የቀሩትን አራት የባሕር ጠለቃዎች እዚያ ታጠናቅቃለህ። እዚህ የጨረስከውን የሚያሳየውን ማስተላለፊያ ወረቀት ከትምህርት ቤትህ መቀበል እንዳትረሳ። ሳምንቱን ገንዳ ውስጥ ከማሳለፍ ያድንሃል፣ ሁለት ቀን ነፋስ ቢበላብህም ሰርተፊኬቱን ይዘህ ትመለሳለህ።

ጥያቄ (ከዳላስ)፦ ኢትዮጵያዊ ፓስፖርትና ግሪን ካርድ ነው ያለኝ። ቪዛ ያስፈልገኛል?

መልስ፦ ሜክሲኮ የአሜሪካ ግሪን ካርድ ላለው ሰው ቪዛ አትጠይቅም። ሁለቱም ጊዜያቸው ያላለፈ መሆኑን እዩ። ሌሎቹ ደሴቶች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ሕግ ስላላቸው፣ ገንዘቡ የማይመለስ ቲኬት ከመቁረጥዎ በፊት ቆንስላቸውን ይጠይቁ።

ጥያቄ (ከሚኒያፖሊስ)፦ በመጨረሻው ቀን ጠዋት ጠልቄ ማታ ብበርስ?

መልስ፦ አይሆንም። ጠልቆ ቶሎ መብረር ከላይ ያልኩትን የናይትሮጅን ሕመም ሊያመጣ ይችላል። የጠላቂዎች ደህንነት ድርጅት የሆነው ዳን የሚመክረው ከአንድ ጠለቃ በኋላ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ለተከታታይ ቀናት ለጠለቀ ሰው ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይበሩ መቆየትን ነው። እኔ 24 እላለሁ። ሰው ይህን የሚጥሰው በቸልታ ብቻ አይደለም። ሳምንቱ መሀል ላይ ነፋስ ሁለት ቀን ይወስድበታል፣ ከዚያ በመጨረሻው ጠዋት ባሕሩ ይረጋል፣ የተከፈለበት ጠለቃ አለ፣ የሱቁ ልጅም "አንዲት ብቻ" ይለዋል። ስለዚህ የመመለሻ ቲኬትዎን ሲቆርጡ ከአሁኑ አንድ ባዶ ቀን ያስገቡ። ያን ቀን ጀልባ ላይ ለመውጣት ስም አይስጡ።